የቆየ ቢላዋ በጅማ ክረምት፦ ስለ ዝገት፣ ስለ እድፍና ስለ ብረት ወዝ

ባለፈው ክረምት ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ለአራት ቀን ያለማቋረጥ ከዘነበ በኋላ፣ ከአያቴ የወረስኩትን የውጅግራ (የድሮ የፈረንሳይ ጠመንጃ) ሳንጃ ከሳጥን አውጥቼ ወደ መስኮት ባስጠጋሁት ጊዜ፣ በብረቱ ጎን ላይ የራሴ አውራ ጣት አሻራ በዝገት ታትሞ አገኘሁት። ደብዛዛ ምልክት አልነበረም፤ የጣቴ መስመሮች ክብ ክብ እየሠሩ፣ አንድ በአንድ ሊቆጠሩ እስኪችሉ ድረስ፣ ብርቱካንማ ሆነው ወጥተው ነበር። ሰኔ ላይ አንድ ዘመድ ሊያየው ፈልጎ አሳይቼው ሳልወለውለው መልሼ ማስቀመጤ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ በባዶ እጅ መንካትና ጥቂት ሳምንት የጅማ ክረምት ለዚህ በቂ ሆነው ተገኙ።

የቆየ ቢላዋ፣ ጩቤ፣ ጎራዴ ወይም ሳንጃ በቤቱ የሚያስቀምጥ የጅማ ሰው፣ በደረቅ አገር ከሚያስቀምጠው ሰው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠበቅበታል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ተወስኖ የሚቀር ሳይሆን ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም የሚዘልቅ ነው። ከዝናቡ እኩል ብረትን የሚጎዳው ደግሞ ሌሊቱ ቀዝቅዞ ቀኑ የሚሞቅ መሆኑ ነው። ብረት በሌሊቱ ቅዝቃዜ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደ አየሩ ፈጥኖ አይሞቅም፤ ጠዋት መስኮት ተከፍቶ ለብ ያለ እርጥብ አየር ወደ ክፍሉ ሲገባ፣ በሣር ላይ ጤዛ እንደሚያርፍ ሁሉ በቀዘቀዘው ብረት ላይም ዓይን የማያየው ቀጭን ውሃ ያርፋል። ሰዎች «ውሃ ሳይነካው ዛገ» ሲሉ የምሰማው በዚህ የተነሳ ነው፤ ውሃውማ በየጠዋቱ ሲነካው ነበር።

ዝገት ማለት ብረት ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው አዲስ ነገር ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከሌለ ዝገት የለም። ኦክስጅንን ከቤታችን ማስወጣት አንችልም፣ ብረቱንም አንለውጠውም፤ ልናዝበት የምንችለው ውሃውን ብቻ ነው። አየሩ ሊሸከም ከሚችለው እርጥበት 60 በመቶ ያህሉን ሲይዝ ዝገት በግልጽ መፍጠን ይጀምራል፤ ብረቱ ላይ ጨው ካለ ግን ጨው እርጥበትን ከአየር ስለሚስብ ከዚያ ባነሰ እርጥበትም ዝገቱ ይቀጥላል። የእጅ ላብ ጨው አለበት፤ አሻራዬ በሳንጃው ላይ የወጣውም ለዚህ ነው። ይህን ነገር ለጅማ ሰው ማስረዳት ከባድ አይመስለኝም፤ ቡናው እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሳይወርድ መጋዘን ቢያስገባው እንደሚሻግትበት የሚያውቅ ሰው፣ ዕቃ የሚበላሸው ከላይ በሚፈስ ውሃ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባለው አየር ጭምር መሆኑን ያውቃል።

የዝገት ክፉ ጠባይ ራሱን አለመግታቱ ነው። አሉሚኒየም በአየር ሲነካ የሚፈጥረው ሽፋን ጥብቅ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል። ቀይ ዝገት ግን ከበላው ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ የሚይዝ፣ ልል፣ ቀዳዳ የበዛበት ነገር ነው፤ እንደ ስፖንጅ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል፣ ከሥሩ ያለው ብረትም መዛጉን ይቀጥላል። ዝገት ያለበት ቦታ ሌላ ዝገት የሚጠራውና በጊዜ ካልተያዘ ብረቱን እየሰረጎደ የሚወርደው ስለዚህ ነው።

ዛሬ በየወጥ ቤቱ የምናየው የማይዝግ ቢላዋ ከዚህ የሚድነው ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ክሮሚየም ስለተቀላቀለበት ነው፤ ክሮሚየሙ በብረቱ ገጽ ላይ እጅግ ቀጭን ነገር ግን ጥብቅ የሆነ ሽፋን ይሠራል። እንግሊዛዊው ሃሪ ብሪርሊ ይህን ብረት በሼፊልድ ከተማ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1913 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ማንኛውም ስለት የሚዛግ መሆኑን ያለ ምርመራ መናገር ይቻላል። የሚዛገው፣ የካርቦን ብረት የሚባለው፣ በብዛት ያለው ብረትና ጥቂት ካርቦን ነው። ዛሬም ቢሆን ቢላዋ ሠሪዎች አይተዉትም፤ ለመሳል ይቀላል፣ ስለቱ ይጠራል፣ ጠንካራም ነው። በአዳዲስ ቢላዎች ላይ 1095 የሚል ቁጥር ያየ ሰው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ተራ የካርቦን ብረት መሆኑን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ ከመቶ 0.95 እጅ ካርቦን እንዳለበት እንደሚያመለክቱ ይወቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በቆየ ብረት ላይ የምናየው ጠቆር ያለ ነገር ሁሉ ዝገት አይደለም፤ ዝገት ያልሆነውን እንደ ዝገት ቆጥሮ መፋቅ ደግሞ፣ እኔ እስካየሁት ድረስ፣ ከራሱ ከዝገቱ የበለጠ ቢላዋ አበላሽቷል። የካርቦን ብረት ለዓመታት በእጅ ሲያዝ፣ ሥጋና ሽንኩርት ሲቆርጥ፣ በዘይት ሲታሽ፣ ገጹ ቀስ በቀስ ግራጫ፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ይሆናል። ይህ በአብዛኛው ጥቁሩ የብረት ኦክሳይድና ብረቱ ከምግብ አሲዶች ጋር የፈጠረው ስስ ሽፋን ነው። ከቀይ ዝገት የሚለየው ጥብቅና ለስላሳ መሆኑ ነው፤ ብረቱን ሙሉ በሙሉ ባያድነውም ዝገትን ያዘገያል። እኔ ይህን ወዝ እለዋለሁ፤ ዕድሜ የሰጠው ነውና ሌላ ስም የሚገባው አይመስለኝም። ቅርስ ሰብሳቢዎችም ሆኑ የሙዚየም ባለሙያዎች ቀዩን ያስወግዳሉ፣ ጥቁሩን ይተዋሉ።

ሁለቱን መለየት በዓይን ብቻ ሊያሳስት ስለሚችል ነጭ ጨርቅ ይዞ መሞከር ይሻላል። ያረጀ ነጠላ ወይም የጥጥ ካናቴራ ቁራጭ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት ጠብ አድርጎ፣ የተጠረጠረውን ቦታ ሳይጫኑ አሥር ጊዜ ያህል ማሸት ነው። ጨርቁ ላይ የጡብ ዱቄት የመሰለ ቀይ ቡናማ ነገር ከወጣ ያ ሕይወት ያለው ዝገት ነውና መወገድ አለበት። ጨርቁ ግራጫ ብቻ ከሆነ፣ ብረቱም በጥፍር ጫፍ ሲዳሰስ ለስላሳ ከሆነ፣ ያ ወዝ ነውና እጅን መሰብሰብ ይገባል።

እጅ ሳይሰበሰብ ሲቀር ምን እንደሚሆን በቅርብ አይቻለሁ። አንድ ወዳጄ ከቤተሰቡ የወረሰው ጎራዴ ነበረው፤ በብረቱ ጎን ላይ ዘውድ የደፋ የይሁዳ አንበሳና በግእዝ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ነበረበት። ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወደ አገራችን ይገቡ ከነበሩት ጎራዴዎች ብዙዎቹ፣ በተለይ በጀርመን አገር በዞሊንገን ከተማ የተሠሩት፣ እንዲህ ዓይነት ሥዕል ነበራቸው፤ ሥዕሉ ግን በመሮ የተቆፈረ ሳይሆን በአሲድ የተበላ ስለሆነ ጥልቀቱ ከፀጉር ውፍረት አይበልጥም። ወዳጄ ጎራዴውን «እንዲያጸዱልኝ» ብሎ ወደ አንድ የብረት ሥራ ቤት ወሰደው። በማግስቱ ሲቀበለው እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ ከአንበሳው የቀረው የኋላ እግሩና የጅራቱ ጫፍ ብቻ ሲሆን፣ ከጽሑፉም ሁለት ፊደል እንኳ ተያይዞ አይነበብም። በዚያ ላይ ወደ ጫፉ ሦስት ጣት ያህል ርዝመት ያለው የስለቱ ክፍል ሰማያዊ ሆኗል። ሰማያዊው ቀለም ጌጥ አይደለም፤ በማሽን ሲፋቅ ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መጋሉን የሚያሳይ ምልክት ነው። የተጠመቀ፣ ማለትም ግሎ በድንገት በመቀዝቀዝ የጠነከረ፣ የካርቦን ብረት 220 ዲግሪ አካባቢ የገለባ ቀለም ያወጣል፣ 300 ሲጠጋ ይሰማይቃል፤ ያን ያህል የጋለ ስለት ጥንካሬውን ያጣል፣ በሞረድ ቢሳልም ቶሎ ይዶለዱማል። ይህን ወደ ነበረበት የሚመልስ ማጽጃ የለም። የቆየ ስለት በሚሽከረከር ድንጋይ ወይም በማሽን አይነካም ብዬ በድፍረት የምጽፈው ያን ጎራዴ በእጄ ይዤ ስላየሁ ነው።

በእጅ የሚደረገውም ቢሆን ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ አለበት። መጀመሪያ አቧራና የደረቀ ቅባት በንጹሕ አልኮል በራሰ ጨርቅ ይወገዳል። ሳሙና የግድ ካስፈለገ ለብ ባለ ውሃ በፍጥነት ታጥቦ ወዲያው ይደረቃል እንጂ አይዘፈዘፍም። ከዚያ ዝገቱ ያለበት ቦታ በቀጭን የማሽን ዘይት ይቀባና አንድ ሌሊት ይተዋል። ዘይቱ ልል በሆነው ዝገት ውስጥ ገብቶ ከብረቱ ጋር ያለውን ቁርኝት ያላላዋል። ዝገቱ የጠና ከሆነ ነጭ ጋዝ የበለጠ ሰርጎ ይገባል፤ ነገር ግን በተከፈተ በር አጠገብ፣ ከከሰል ምድጃና ቡና ከሚፈላበት ቦታ ርቆ ይሠራ፤ በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅም ተጠቅልሎ በቤት ጥግ አይጣል።

በማግስቱ ለመፋቅ የምመርጠው መሣሪያ ናስ ነው። ናስ ከተጠመቀ ብረት ይለሰልሳል፣ ዝገቱን ግን ይገፋል፤ ስለዚህ ዝገቱ ይነሳል፣ ብረቱ አይጫርም። የቀድሞዎቹ የ10 ሳንቲምና የ5 ሳንቲም ገንዘቦቻችን ለዚህ ሥራ በጣም ይመቻሉ፤ ነገር ግን በኋላ የወጡት ውስጣቸው ብረት ሆኖ ናስ የተቀቡ ስለሆኑ በማግኔት ይሞከሩ፤ ማግኔት የሚስበው ሳንቲም ለዚህ ሥራ አይሁን። ሳንቲሙን በመጠኑ አጋድሞ፣ ዘይቱ ሳይጠረግ፣ በጠርዙ ቀስ እያሉ በብረቱ ርዝመት አቅጣጫ መግፋት ነው። አሻራዬን ከሳንጃው ያነሳሁት በዚህ መንገድ ነበር፤ ዘይቱ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ እንደ በርበሬ መረቅ ቀላ፣ በጨርቅ ስጠርገው የጣቴ መስመሮች አብረው ሄዱ። አርባ ደቂቃ ያህል ወሰደብኝ። በቦታው ግራጫ ጥላ ቀርቷል፤ እሱን ለማስለቀቅ ብቀጥል ዙሪያውን ያለውን የመቶ ዓመት ወዝ መግፈፍ ስለሚሆንብኝ ተውኩት።

ናስ ያልቻለውን፣ እጅግ ረቂቅ የሆነው፣ አራት ዜሮ የሚባለው የብረት ሽቦ በዘይት ታጅቦ ሊያነሳው ይችላል። የድስት መፈተጊያ ሽቦ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሻካራ ስለሆነ ብረቱን ይጭረዋል፣ ከጭረቶቹ ውስጥም አዲስ ዝገት ይጀምራል። የብርጭቆ ወረቀት የሚባለውን ለቅርስ ስለት ከነጭራሹ አልመክርም፤ በቀላሉ ስለሚገኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው። የውጅግራውን ሳንጃ የሚያውቅ ሰው፣ በጀርባው ላይ የፈረንሳዩ ፋብሪካ ስምና የተሠራበት ወርና ዓመት በቀጭን የእጅ ጽሕፈት እንደተቀረጸ ያውቃል፤ ጠመንጃው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳይ ግራ ሲሆን፣ ውጅግራ የሚለው ስማችንም ፉዚል ግራ ከሚለው አጠራር የመጣ ነው። ያ መስመር ሳንጃው ማን እንደሆነ የሚናገርበት ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ጊዜ ቢታሽ መልኩ ይጠፋል። በተቀረጸ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ቆሻሻ በተቀረጸ የቀርከሃ ስንጥር ጫፍና በዘይት ይወጣል።

እድፍ ከዝገት ይቀላል። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት ወይም ማንጎ የነካው ስለት በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራል ወይም ይሰማይቃል፤ ይህ አሲዱ ከብረቱ ጋር የሠራው ቀለም ነው። ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሶ በጠርሙስ ቡሽ ማሸት አዲሱን እድፍ ያነሳል፣ የቀረውንም አሲድ ያከሽፋል። እናቶቻችን ቢላዋ በአመድ ይፈትጉ የነበረው በዚሁ ምክንያት ይሠራላቸው ነበር፤ አመድ አሲድን የሚያከሽፍ ነገር አለው፣ ይፋቃልም። ነገር ግን አመድ ውስጥ አሸዋ አይጠፋም፤ በደንብ ሳይታጠብ የቀረ አመድም እርጥበት ከአየር ይስባል። ለዕለት ተዕለት ቢላዋ ችግር የለውም፣ ለወረስነው ግን ቤኪንግ ሶዳ ይሻላል።

አሲድን በአሲድነቱ ለዝገት ማስለቀቂያ የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው፤ አቼቶ፣ ሎሚ፣ ኮካ ኮላ ሲመክሩ እንሰማለን። ዝገትን እንደሚያሟሙ እውነት ነው፤ በኮካ ኮላ ውስጥ ያለው ፎስፎሪክ አሲድ ከዝገት ማስለቀቂያ መድኃኒቶች አንዱ ነው። አሲዱ ግን ቀዩን ዝገት በልቶ ጥቁሩ ወዝ ላይ ሲደርስ አይቆምም፣ ከወዙም ቀጥሎ ብረቱን ይበላል፤ ቆይቶ የወጣ ስለት ደብዝዞ፣ የሻከረና ከለር የሌለው አመዳም ይሆናል። ለማረሻ ወይም ለገጀራ ይደረግ፣ ለቅርስ ግን አይደረግ። ከሁሉ የከፋው ሎሚን ከጨው ጋር ቀላቅሎ ማሸት ነው፤ ዝገቱ ቶሎ ስለሚነሳ ሰውን ያስደስታል፣ ጨው ግን በብረቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ቀርቶ ከወር በኋላ ዝገቱን እጥፍ አድርጎ ይመልሰዋል። በረኪናም እንዲሁ የጨው ዘር ስለሆነ ብረት አጠገብ ሊደርስ አይገባም።

በምንም መንገድ ይጽዳ፣ ከጸዳ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች ከሁሉ ይበልጥ ያሰጋሉ። ዝገቱ የተነሳለት ብረት ራቁቱን ነው፤ እርጥብ ሆኖ ለአምስት ደቂቃ ቢተው ቢጫ ነገር ይለብሳል። ስለዚህ ዘይቱና ጨርቁ አስቀድመው ይዘጋጁ፤ ብረቱ ወዲያው ይደረቅ፣ በአልኮል ይጠረግ፣ አልኮሉም ተን ብሎ ሲሄድ ሳይነኩት ዘይት ይቀባ።

ዘይቱ ምን ይሁን የሚለው ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ እዚህ አካባቢ ስሕተቱ የሚበዛው እዚህ ነው። በቤት የሚገኘው ዘይት የኑግ ዘይት ነው፣ ብዙ ሰውም ቢላዋ ሲቀባ ወደ እሱ ይሄዳል። የኑግ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ የሚደርቅ ዓይነት ነው፤ በወራት ውስጥ ቢጫ፣ የሚያጣብቅ፣ አቧራ የሚይዝ ሽፋን ይሆናል፣ ሲቆይም ይሻግትና አሲድ ይፈጥራል። የተልባ ዘይት ከእሱ የባሰ ነው። ቅቤም አይሆንም፤ ለጋ ቅቤ ከክብደቱ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ውሃ አለበትና ብረትን በቅቤ መቀባት ብረትን በከፊል በውሃ መቀባት ነው። የሚያስፈልገው የማዕድን ዘይት ነው፤ የማይሻግት፣ የማይደርቅ። የስፌት ማሽን ዘይት ከሁሉ ርካሽና ቀላል ነው፣ ከልብስ ሰፊዎች ዘንድ ጠይቆ ማግኘት ይቻላል። ቢላው ምግብ የሚነካ ከሆነ ከፋርማሲ የሚሸጠው ፓራፊን ዘይት ይመረጣል፤ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው።

በቆርቆሮ የሚረጨው ደብሊው ዲ 40 የሚባለው በብዙ ጋራዦች ስለሚገኝ ይጠየቃል። ስሙ ራሱ እንደሚለው ውሃን ለማባረር የተሠራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ በአርባኛው ሙከራ ተገኘ ይባላል፤ እርጥብ ብረት ለማድረቅ ጥሩ ሲሆን የሚተወው ሽፋን ግን ስስ ስለሆነ ክረምትን አያሻግርም። ለማድረቂያ ተጠቅሞ ከላዩ ሌላ መቀባት ነው። ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ስለት ንጹሕ ቫዝሊን በስሱ መቀባት ከዘይት ይበልጣል፤ ወደ ታች አይወርድም። ከቫዝሊንም የሚሻለው ሰም ነው። በዓለም ሙዚየሞች የተለመደው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ ሙከራ የተሠራው ሬናይሰንስ የሚባለው ሰም ሲሆን፣ ለዓመታት ሳይለወጥ ይቆያል፣ በእጅ ቢነካም አሻራ አይዝም። እሱን ማግኘት ላልቻለ፣ ማርና ሰም በማይጠፋበት በጅማ፣ ከአንድ እጅ ንጹሕ የንብ ሰም ጋር አራት እጅ ፓራፊን ዘይት ቀላቅሎ መጠቀም ይችላል። ሰም 63 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ፤ በጣሳ ተደርጎ፣ ጣሳው በፈላ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይቅለጥ። ሲበርድ እንደ ቅባት ይሆናል። በጨርቅ በስሱ ተቀብቶ፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ፣ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል። የንብ ሰም በተፈጥሮው መጠነኛ አሲድነት አለው፤ ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ተነስቶ እንደ አዲስ ቢቀባ መልካም ነው። ዘይትም ሆነ ሰም ሲበዛ አይጠቅምም፤ ብረቱ ሲያዩት ደረቅ፣ ሲነኩት ግን ወዛም መሆን አለበት።

ማስቀመጫውን በተመለከተ፣ አብዛኛው ሰው ተገቢ ነው ብሎ የሚያስበው የቆዳ ሰገባ ለረጅም ቆይታ ከሁሉ የከፋ ቤት ነው። ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፣ ሲለፋም የገባበት ጨውና አሲድ በውስጡ አለ፤ ስለቱ በሰገባው ውስጥ ክረምቱን ከከረመ፣ በመስከረም ሲመዘዝ ሰገባው በነካው ቦታ ሁሉ ተነቁጦ ይወጣል። ሰገባውና ስለቱ ጎን ለጎን፣ ተለያይተው ይቀመጡ። በላስቲክ መጠቅለልም ያው ነው፤ ውስጡ የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል። ጋዜጣ ደግሞ እርጥበት ይይዛል፣ ወረቀቱም አሲድ አለው። በዘይት የታሸ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። ሳጥኑ ከዋንዛ ወይም ከሌላ እንጨት አዲስ የተሠራ ከሆነ ወራት ተከፍቶ ይንፈስበት፤ ያልደረቀ እንጨት ብረትን የሚጎዳ የአሲድ ትነት ያወጣል። ሳጥኑ በመሬት ላይ ወይም ዝናብ በሚመታው ግድግዳ ጥግ አይሁን፤ ከወለል ከፍ ብሎ በመሐል ግድግዳ በኩል ይቀመጥ። በወጥ ቤት ደግሞ እንፋሎትም ጨውም አለና እዚያ አይቀመጥ።

ከአዲስ ጫማና ከቦርሳ ጋር የሚመጡትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች አለመጣል ይጠቅማል። እርጥበት ይመጥጣሉ፤ ነገር ግን ሲጠግቡ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ፍሬዎቹ ከከረጢቱ ወጥተው በሸክላ ዕቃ 120 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ ለሁለት ሰዓት ያህል ሲሞቁ ተመልሰው ይሠራሉ። እነሱ የሚረዱት በደንብ በሚገጠም ሳጥን ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው፤ ክፍት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጡ የመላውን ክፍል አየር ለማድረቅ እንደ መሞከር ይሆናል። እኔ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ፣ በበጋ በየሁለት ወሩ፣ ሳጥኑን ከፍቼ እያንዳንዱን ስለት በብርሃን አያለሁ። ቀኑ ደረቅና ፀሐያማ ሲሆን፣ እኩለ ቀን አካባቢ ብከፍት እመርጣለሁ እንጂ ጠዋት ጭጋግ ሳይነሳ አልከፍትም።

እጀታው የራሱ ጠባይ አለው። የቀንድ እጀታ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ብልም ይበላዋል፤ ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ በስሱ ሰም ይቀባ እንጂ ውሃ ውስጥ አይግባ። የናስ ቀለበት ወይም ጉልላት ያለው ከሆነ፣ ናሱ ቆዳ ሲነካው አረንጓዴ ሰም የመሰለ ነገር ያወጣል፤ ያ በጥጥና በአልኮል ይነሳል። የናስ ማብሪያ ፈሳሾች ግን በናሱና በብረቱ መገናኛ ውስጥ ገብተው ስለሚቀሩ ከጥቅማቸው ጉዳታቸው ይበዛል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ከሳጥን ለማይወጣ ስለት ነው። በቤታችን ግን በዓመት አንድ ጊዜ የሚወጣ የካርቦን ብረት ካራም አለ። የአያት የነበረ ካራ ለአረፋ ወይም ለፋሲካ እርድ ወጥቶ፣ ሥራው ሲያልቅ በግርግሩ መሐል ተጠራርጎ ወደ ሰገባው የሚመለስበት ቤት ብዙ ነው። ደም ጨው አለበት፤ አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ በስለቱ ላይ ከደረቀ ጥቁር ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል። የካራው ባለቤት የሆነ አባወራ እርዱ እንዳለቀ፣ ሥጋው ሳይከፋፈል፣ ካራውን አጥቦ አድርቆ ዘይት ቢቀባ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። እንዲህ ላለ በሥራ ላይ ላለ ካራ፣ ገና አዲስ ከሆነና ወዝ ካልያዘ፣ ወዝ ማስያዝ ይቻላል፤ ለዚህም ጅማ የምትሰጠው ቡና ይበቃል። ስለቱ በሳሙናና በአልኮል ቅባቱ እስኪለቅ ይጸዳል፤ ወፈር ብሎ የተፈላ፣ ስኳርም ጨውም የሌለው ቡና ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ይሞላና ስለቱ እስከ እጀታው አፍ ድረስ ለጥቂት ሰዓት ይቆማል። በቡናው ውስጥ ያሉት አሲዶች ከብረቱ ጋር ተዋህደው ግራጫ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሽፋን ይሠራሉ። ከወጣ በኋላ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ፓራፊን ዘይት ይቀባል፤ ቀለሙ ስስ ከሆነ ሁለተኛ ጊዜ ይደገማል። ለተወረሰ የቆየ ስለት ግን ይህን ማድረግ አይገባም፤ ያ የራሱ ወዝ አለው።

ካራው በሚታጠብበት ጊዜም ስለቱ ወደ ታች፣ እጀታው ወደ ላይ ሆኖ ይያዝ። ብረቱ ወደ እጀታው የሚገባበት አፍ ውስጥ ውሃ ከገባ ከውጭ ማድረቅ አይቻልምና፣ በዚያ በኩል የሚጀምር ዝገት የሚታየው ቀንዱን ሰንጥቆ ሲወጣ ነው። ውሃ ገብቶ ከሆነ ስለቱ ወደ ታች ተደርጎ ነፋሻ ቦታ ላይ አንድ ቀን ይንጠልጠል፤ በማግስቱ በአፉ ዙሪያ ሁለት ጠብታ ዘይት ጠብ ተደርጎ፣ እጀታው አሁን ወደ ታች ሆኖ ሌሊቱን ይቁም።